አስታማሚ ለምን ይዝላል?

ድሬዳዋ ውስጥ በሽተኛ ብቻውን አይቀርም። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ አልጋ የያዘ ሰው አለ ከተባለ ጎረቤት ይጎርፋል። «እማማ እንዴት አደሩ?» ይላል፣ ብርቱካኑን ያስቀምጣል፣ ይቀመጣል። ቡናውን የምታፈላው ሌሊቱን ስትነሳ ስትተኛ ያደረችው ልጅ ናት። እሷን እንዴት አደርሽ የሚላት የለም።

የሚያዝላት የሥራው ብዛት ብቻ ይመስለናል። እንቅልፍ ግን በዙር ነው የሚሄደው፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በሽተኛ ለማገላበጥ፣ ውኃ ለማቀበል በየሰዓቱ የምትነሳ ሴት ይህ ጥልቅ እንቅልፍ ይቆራረጥባታል። ተኝታም ጆሮዋ ሳል ይጠብቃል፤ ሰውነቷ አደጋ እንደመጣበት ሰው ነቅቶ ያድራል። በማንኪያ መጥፋት ማልቀስ፣ «መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ ወይስ አልሰጠሁም?» እያሉ መጠራጠር ከዚህ ይመጣል። ፍቅር ጎድሏት አይደለም።

ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀት አለ። እንቅልፍ እንዲወስደን የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት፤ ለዚህም እጅና እግር ትልቁን ሥራ ይሠራሉ። ከመኝታ በፊት እግርን ለብ ባለ ውኃ መታጠብ የሚረዳው ለዚህ ነው፤ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ሙቀቱ ይወጣል። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ግን ያጠብባቸዋል።

ሌሊት የሚነሳ ሌላ ሰው ከሌለ እግር መታጠብ ምን ያደርጋል? «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። በየትኛው ሰዓቷ? በ2011 ክረምት የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማዋን ሲያዳርስ በአንድ ቤት በሽተኛውም አስታማሚውም አብረው የወደቁበት ጊዜ ነበር። ተተኪ አስቀድሞ ይፈለጋል።

ጠያቂው ተረኛ ይሁን። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቋን ዘግታ ታርፋለች፤ በዚያ ሰዓት አንዷ ጎረቤት በሽተኛዋ ዘንድ ትቀመጥ፣ ልጅቱ ሌላ ክፍል ገብታ ትተኛ። ቡናው ይቅር። «አግዙኝ» ከማለት «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እማማ ጋ ትቀመጪልኛለሽ?» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሁሉም እሺ ይላል፣ ማንም አይመጣም። ሌሊቱንም ከወንድሟ ጋር ለሁለት ይክፈሉት፤ እስከ ስምንት ሰዓት እሱ፣ ከዚያ እሷ። «ማስታመም የሴት ነው» ካለ፣ ውኃ ማቀበል ወንድነት እንደማይቀንስ እናቱ ትንገረው።

ተራ አግኝታም ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ወይም «ሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረች፣ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሄዳ በራሷ ስም ካርድ ታውጣ።