ምርመራ ቢራዘም ፍሬን አይጠብቅም

ብሪታንያ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ የማይቀርለት ጉዳይ አለ፤ «ኤም.ኦ.ቲ» የሚባለው የቴክኒክ ምርመራ። እኛ አገር ቦሎ ለማደስ እንደሚደረገው፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው ይታያል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሚመለከተው 10 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ነበር፤ የሚወድቀው ስለበዛ በዓመቱ ወደ 7፣ በ1967 ደግሞ ወደ 3 ዓመት ዝቅ አለ።

ይህን ያህል የጠበቀ ሕግ በችግር ጊዜ እንዴት እንደሚላላ ለማየት ከሰሜን አየርላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እዚያ መኪና የሚመረምረው መንግሥት ራሱ ነው፤ በ2020 በ15 ጣቢያዎች ይሠራ ነበር። በ2020 ጥር ወር፣ መኪናውን አንስተው ሆዱን ከሚያሳዩት 55 ሊፍቶች በ48ቱ ላይ የመሰንጠቅ ምልክት ተገኘ። መርማሪው ከሥር ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የቀላል ተሽከርካሪዎች ምርመራ ቆመ። ለባለመኪኖችም ጊዜያዊ የነፃ ማድረጊያ ሰርተፊኬት ይሰጣቸው ጀመር።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ቀድሞ ተመርምሮ ላለፈ መኪና ብቻ ነበር። በሰሜን አየርላንድ ደንብ 4 ዓመት ሞልቶት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርበው መኪና የሚራዘምለት ወረቀት አልነበረውም። አሮጌው በወረቀት ሲታለፍ አዲሱ ወረፋ ያዘ! ሕግ አውጪ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ችግር ሳይመጣ ነው መድፈን ያለበት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና ደረሰ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከመጋቢት 30፣ 2020 ጀምሮ የመኪና፣ የሞተር ሳይክልና የትንሽ ቫን ምርመራ 6 ወር ተራዘመ፤ ከነሐሴ 1 በኋላ ቀኑ የሚደርስ ግን እንደ ቀድሞው መመርመር ግድ ሆነበት። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነርሷም ምግብ አመላላሹም መንዳት ነበረባቸው።

የተራዘመው ግን ቀኑ እንጂ የመኪናው ጤና አይደለም። ኃላፊነቱ ከመርማሪው ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩ ጎማውን በ20 ፔንስ ሳንቲም መለካት ይችላል፤ ሳንቲሙን የጎማው ጥርስ ውስጥ ሲያቆመው ጠርዙ ዙሪያ ያለው ክፈፍ ከታየ፣ ጥርሱ ከሕጋዊው 1.6 ሚሊ ሜትር ሳያንስ አይቀርም። የዛገ የፍሬን ቱቦን ግን ያለ ሊፍት ማን ያየዋል? ስለዚህ ማራዘሚያ የሚሰጥ መንግሥት ሹፌሩ በራሱ ምን ማየት እንደሚችል፣ ለምኑስ ጋራዥ መሄድ እንዳለበት አብሮ ሊነግረው ይገባል። ባለቀ ጎማ የተያዘን ሹፌር ማራዘሚያው አያድነውም፤ ቅጣቱ በአንድ ጎማ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል።