ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ የሚገድለው ማጉያ

የራዲዮ ማጉያ ሲበላሽ ብዙ ሰው ሶኬቱን ይነቅልና እፎይ ብሎ ካቻቢቴውን ያነሳል። ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የአማተር ራዲዮ ሰዎች፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ባለው የኢቲ3ኤኤ ጣቢያ የሚሰባሰቡት፣ የሚነጋገሩበት ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዋት ያህል ያሰራጫል። ማጉያው ይህን ተቀብሎ ወደ 1000 ዋት ገደማ ያሳድገዋል። በቲዩብ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ይህን የሚያደርገው በሺህ በሚቆጠር ቮልት ነው።

የታወቀውን ባለ ሁለት ቲዩብ ማጉያ ኤስቢ-220 እንውሰድ። ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳይገጣጠም በካርቶን ይሸጠው ነበር፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ በገዛ እጁ ይበይደዋል። ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሠራል። ትራንስፎርመሩ፣ ዳዮዶቹና ካፓሲተሮቹ ተጋግዘው ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ወደ 3000 ቮልት ያደርሱታል። ካፓሲተሮቹ 8 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 200 ማይክሮፋራድ ሆነው በተርታ ተያይዘዋል። ሞልተው ሳለ የሚይዙት ጉልበት ከ110 ጁል ይበልጣል። ሆስፒታል ውስጥ የተዛባ የልብ ምት ለማስተካከል በደረት በኩል የሚሰጠው ንዝረት ከ120 እስከ 200 ጁል መሆኑን ያሰቡ እንደሆነ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል።

ውሃ ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ወዲያው ባዶ አይሆንም። ካፓሲተርም እንደዚያ ነው። የተጠራቀመው ቀስ ብሎ እንዲፈስ በእያንዳንዱ ካፓሲተር ላይ 30 ሺህ ኦም ሬዚስተር ተደርጎለታል። ሁሉም ደህና ከሆኑ 3000 ቮልቱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ 20 ቮልት ይወርዳል። ሬዚስተሮቹ ግን ማጉያው በበራ ቁጥር ሲግሉ የኖሩ ናቸው፤ አንዱ ተቃጥሎ ቢቋረጥ የእሱ ካፓሲተር ብቻውን 375 ቮልት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እንደያዘ ይቀራል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ ደህንነታችንን የሰጠነው ዕቃ ራሱ ከተበላሹት አንዱ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ያለው የቮልት ጠቋሚም እንደዚሁ ነው። ዜሮ ቢያሳይ፣ ኃይል ወደ እሱ የሚያደርሱት ሬዚስተሮች ተበጥሰውም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሶኬቱን ነቅለው ዓይንዎ በሚያየው ቦታ ያስቀምጡት። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ክዳኑን ይክፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ ከፍተኛውን ቮልት ከብረት አካሉ ጋር የሚያገናኝ መከላከያ አለው፤ የቀድሞ ባለቤት አጣሞት ወይም አንስቶት ሊሆን ስለሚችል እሱንም አይመኑት። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፤ አንድ እጅ ከኋላ ይሁን፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። ብቻዎን አይሥሩ።

ቀጥሎ መንጠቆው ይመጣል፦ ረጅም ደረቅ የፕላስቲክ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ብረት፣ ከብረቱ ወደ ማጉያው አካል አስቀድሞ የታሰረ ወፍራም ሽቦ። ሁለት ዓይነት መንጠቆ ይኑርዎት፤ በመጀመሪያ በሽቦው መካከል ትልቅ ሬዚስተር ባለው ከፍተኛው ቮልት ያለበትን ጫፍ ይንኩ፤ በቀጥታ ከተነካ ፍንዳታው ዳዮድና ካፓሲተር ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ሬዚስተር በሌለው መንጠቆ ያገናኙትና መንጠቆውን እዚያው ይተዉት። ለምን? የተርታውን ሁለት ጫፍ ማገናኘት ድምሩን ዜሮ ያደርጋል እንጂ እያንዳንዱን ካፓሲተር ዜሮ አያደርግም። ሬዚስተሩ የተቋረጠበት ካፓሲተር ከ200 ቮልት በላይ ይዞ፣ ሌሎቹ በተቃራኒው ተሞልተው፣ ድምሩ ሰላም ሊመስል ይችላል። መንጠቆው ለደቂቃዎች ሲቆይ ይህም በሌሎቹ ሬዚስተሮች በኩል ይፈሳል። ከዚያ 8ቱንም አንድ በአንድ በቴስተር ይለኩ። ከዚህ በፊት ቴስተር አይጠጋም፤ የተለመደው ቴስተር 600 ወይም 1000 ቮልት ብቻ የሚችል ነው፤ 3000 ቮልት በውስጡ ዘሎ እጅዎን ሊያገኝ ይችላል።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ብልሽት ኃይል ሳይኖር በኦም ብቻ ይገኛል። ዳዮድ በሁለቱም አቅጣጫ ካሳለፈ ተበላሽቷል። ሬዚስተር ከተጻፈበት እጅግ ከራቀ ይቀየራል፤ አንዱ ከተቃጠለ 8ቱንም መቀየር ይሻላል። ብሬከሩ ኃይሉን ከቆረጠ በትልቅ ብሬከር መተካት በፍጹም አይገባም፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ደህና መስሎ ብሬከሩ አሁንም ከቆረጠ፣ ሶኬቱን ነቅለው እንደገና በመንጠቆው ካፈሰሱ በኋላ ሁለቱን ቲዩቦች ያውጡ፣ መንጠቆውን ያንሱ፣ ክዳኑን ይዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ይሰኩ። ብሬከሩ ከጸና ጥርጣሬው ወደ ቲዩቦቹ ይዞራል፤ ካልጸና ሶኬቱን ነቅለው እንደገና ከመንጠቆው ይጀምራሉ።