ስምና ግብር

ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖቼን በሜሪላንድ እሑድ እሑድ የአሜሪካን ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዘመን ቢያልፈኝም፥ እስከ ዛሬ ኅሊናዬን የሚቆጠቁጠኝ አንድ ሽማግሌ፥ «መምህር፥ ባሪያውን ሐርነት ያወጣው የሊንከን ፓርቲ ከሆነ፥ ጥቁሩ ስለ ምን ድምፁን ለዴሞክራቶች ይሰጣል?» ብለው ሲጠይቁኝ፥ ሰዓቱ አልቆ ነበርና፥ «በ1964 ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ» ብዬ የሰጠሁት መልስ ነው።

ይህ መልስ ስላጠረ ይጥማል፤ ስለ ጣመም በየለቅሶ ቤቱና በየታክሲው ሲደጋገም እየሰማሁ ትዕግሥቴ አለቀ። ፓርቲ አንድ ባሕርይ ይዞ ኖሮ፥ በደማስቆ መንገድ እንደ ሳውል በቅጽበት የሚለወጥ ፍጡር መስሎን እንስታለን። ፓርቲ የጉባኤ ስም ነው፤ ስሙ ቆሞ ሳለ ጉባኤተኛው ይሞታል፥ ይፈልሳል፥ ይተካል፤ ስለ ዘር የሚናገረውም ቃል ድምፅ ሰጪው የሚኖርበትን አገር እየተከተለ ይዞራል።

ባርነት በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲሻር ያደረጉት ሪፐብሊካኖች፥ በ1877 ደቡብን ይጠብቅ የነበረውን ወታደር አንሥተው፥ ነጻ የወጣውን ሕዝብ ለቀድሞ ጌቶቹ ምሕረት እንደ ተዉት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1936 ጥቁሩ በብዛት ለሩዝቬልት ድምፁን ሲሰጥ፥ የደቡብ ዴሞክራቶች በዚያው ፓርቲ ውስጥ ተቀምጠው የዘር መለያየትን ሕግ ይጠብቁ ነበር፤ ወደ ሺካጎና ወደ ዲትሮይት የፈለሰውን ሥራ አጥ ወደ ፓርቲው የሳበው እንጀራና ሥራ ነው እንጂ ስለ ዘር የተገባ ንስሓ አልነበረም። ይህ ስደተኛ በሰሜን ከተሞች ድምፁ ከበድ ባለ ጊዜ፥ በ1948 የዴሞክራቶች ጉባኤ የሲቪል መብቶችን አንቀጽ ተቀበለ፤ ተቈጥተው የተለዩት የደቡብ ሰዎችም ስትሮም ተርመንድን ለፕሬዚዳንትነት አቁመው በ4 ግዛቶች አሸነፉ። በ1957 ግን ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት ለማስገባት ወታደር የላከው ሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር ነበር።

ታዲያ በዚያ በታወቀው በ1964 ምን ሆነ? የሲቪል መብቶች ሕግ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲጸድቅ 46 ዴሞክራቶችና 27 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል፤ 21 ዴሞክራቶችና 6 ሪፐብሊካኖች ተቃውመውታል። ከስድስቱ አንዱ የነበረው ባሪ ጎልድዋተር በዚያው ዓመት የሪፐብሊካኖች እጩ ሆኖ ከገዛ አሪዞናው በቀር ያሸነፈው በ5 የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነው። በሩ በዚያ ጊዜ ተከፈተ ማለት እውነት ነው፤ ሪፐብሊካኖች በታችኛው ምክር ቤት ከደቡብ መቀመጫዎች አብዛኞቹን የያዙት ግን ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1994 ምርጫ ነው።

ሕጉን ከተቃወሙት ከ21ዱ ዴሞክራቶች ወደ ሪፐብሊካን የተሻገረው ተርመንድ ብቻ ነበር።