ከጥገና በኋላ የፒክአፕ ሙቀት መለኪያ ምን ያህል ይታመናል?

ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ የሚወጣ የናፍጣ ፒክአፕ ሙቀት ሠርቶ መንገድ ላይ ከቆመ ጉዳቱ በመኪናው ብቻ አይቀርም፤ ምርቱ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ገበያውም ያልፋል። በመሆኑም ራዲያተሩ ታጥቦ ወይም የውሃ ፓምፑ ተቀይሮ ከጋራዥ የወጣ መኪና ረጅም ዳገት ከመጀመሩ በፊት ጤናማ ሙቀቱ የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ብዙ አሽከርካሪዎች የሚተማመኑት በዳሽቦርዱ ቀስት ነው። ይሁንና በበርካታ መኪኖች ውሃው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ካለበት አንሥቶ 100 ገደማ እስኪደርስ ድረስ ቀስቱ መሐል ላይ እንዲረጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከመሐል ተነሥቶ ሲታይ ሙቀቱ አስቀድሞ ብዙ ተጉዟል።

በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ቴርሞስታቱ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምርና 95 ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ስለዚህ በሜዳ መንገድ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጤናማ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ 100ን ጥቂት ተሻግሮ፣ ሜዳ በደረሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚመለስ ከሆነም አያሰጋም። ሜዳ ላይም የማይወርድ ከሆነ ግን ጥገናው አላለቀም።

ቀስቱ ከቀድሞው ዝቅ ማለቱም ባለቤቶችን ያስደነግጣል። የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ ያን ጊዜ ቢቀዘቅዝ አያስገርምም። ብዙ ከተጓዘ በኋላም የማይሞቅ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ ወጥቶ እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። "ለእኛ አገር አያስፈልግም" ብሎ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታት ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ስለሚመለስ፣ እንዲቀዘቅዝ የተፈለገው መኪና ዳገት ላይ ይግላል።

ከፍታ ሌላው ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ መኪና ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞስታቱ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙና ኩላንት በመጠኑ መጨመሩ ነው። ክዳኑ ላልቶ ባዶ ውሃ የሞላበት መኪና ቀስቱ መሐል ላይ እያለ ሊፈላ ይችላል። ራዲያተሩን በብዙ ብር ያሠራ ሰው ርካሹን ክዳን ሳያስቀይር መሄዱ የሚያስቆጭ ነው።

ከጥገና በኋላ በውስጥ የሚቀር አየርም ያሳስታል። ቀስቱ ድንገት ወጥቶ ድንገት ከወረደ ወይም ሞተሩ ሞቆ ሳለ የጋቢናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ አየሩ በደንብ አልወጣም። ውሃው ከጎደለ ደግሞ መለኪያው የሚነካው ውሃ ስለሚያጣ፣ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ሊወርድ ይችላል። ዳገት ላይ ያለ ምክንያት የወረደ ቀስት ከወጣው ይልቅ ያስፈራል።

ይበልጥ የሚታመነው ምስክር የማግስቱ ጠዋት ነው። መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ተከፍቶ የውሃው ልክ ይታያል፤ ትኩስ እያለ መክፈት ያቃጥላል። በመጀመሪያው ቀን አየር ሲወጣ ጥቂት መጉደሉ የተለመደ ነው። በየቀኑ የሚጎድል ከሆነና ውጪ የሚንጠባጠብ ከሌለ፣ በተለይም ሞተሩ ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

መንገድ ላይ ውሃ አልቆ የጋለ ሞተር ወዲያው ጠፍቶ በራሱ እስኪበርድ ይጠበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ቸኩሎ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።