ጤና አዳም፦ ከስኒው ወደ ብርጭቆው

ጤና አዳም በጎንደር ከተማ ጓሮዎችም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የተለመደ ተክል ነው። ለጋው ጫፍ ተቀጥፎ ስኒ ቡና ውስጥ ይነከራል፤ ፍሬው ደርቆ በርበሬ ውስጥ ይገባል፤ ሆድ ሲቆርጥ ቅጠሉ ይታኘካል ወይም ይፈላል። ለደም ግፊት እያሉ ወቅጠውና ጨምቀው በብርጭቆ የሚጠጡትም አሉ። ለጤነኛ አዋቂ ሰው ቡናው ውስጥ የምትነከረው ቅጠል የምታሰጋ አይደለችም። በእርሷ ተማምኖ ጭማቂውን በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የስኒው ልማድ ለብርጭቆው ዋስ ሊሆነው አይችልም።

ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስቶ ላየው፣ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች አሉት። የዘይቱ ከረጢቶች ናቸው፤ ያ ኃይለኛ ሽታም የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ተክሉ ከዘይቱ ሌላ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉት። እነዚህ ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ፣ ቅጠሉን በእጁ አሽቶ ወይም ፊቱን ቀብቶ እርሻ የሚውል ሰው የበለጠ ይጋለጣል። ምልክቱ የሚዘገይ በመሆኑም «ምች መታኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል እንጂ ቅጠሉን አይጠረጥርም። ሐኪሞችም ከዚሁ ወገን የሆነውን ሶራሌን ለለምጽ ሕክምና ይጠቀሙበታል፤ እነርሱ ግን በሚሊግራም ለክተው፣ የብርሃኑንም ደቂቃ ቆጥረው ነው። በብርጭቆው ጭማቂ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካው ማን ነው?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የነፍሰ ጡሮች ነገር ነው። የጤና አዳም ዝርያዎች ማሕፀንን እንደሚያኮማትሩ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ይታወቃል፤ ፅንስ ለማስወረድም ተጠቅመውባቸዋል። በኡራጓይ ሞንቴቪዴዮ የሚገኘው የመመረዝ ማዕከል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለማስወረድ ብለው ይህን ተክል አፍልተው ከጠጡ ሴቶች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ጉበትን፣ ኩላሊትንና ሌሎች አካላትን በአንድነት ያወከ መመረዝ ማየታቸውን ጽፈዋል። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ በነበሩ 364 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ በእርግዝናቸው ወቅት የዕፅዋት መድኃኒት መጠቀማቸውን አሳይቷል። በብዛት የተጠቀሱት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ናቸው፤ እነርሱ ብዙም አያስጨንቁም። የሚያስጨንቀው ከተጠቃሚዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ለሐኪማቸው አለመናገራቸው ነው።

«አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዘመናት ልምድ ተራ ነገር አይደለም። ይሁንና ልምድ ጎልቶ የሚያሳየው ፈጥኖ የሚመጣውን ጉዳት ነው፤ ቅጠል ተጠጥቶ ከቀናት በኋላ የወረደ ፅንስ ሌላ ምክንያት ይሰጠዋል። አያቶቻችንም ቢሆኑ ቅጠልና ፍሬ ያለ ልክ አልጠጡም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሕዝቡ በየጊዜው ይጠጣው የነበረውን ኮሶ አስታውሱ። ብሩስ ስለ ዛፉ በመጽሐፉ ጻፈ፤ በኋላም አበባው የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገባ። አዋቂዎቹ ኮሶን ለክተው ይሰጡ ነበር፤ ነፍሰ ጡርም እንዳትጠጣው ይከለክሉ ነበር። ከልክ ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋና እንደሚገድልም ታይቷል። ስለዚህ የአባቶችን ልማድ የሚጠራ ሰው ጥንቃቄያቸውንም አብሮ ሊጠራ ይገባል።

ሌላው መከራከሪያ በጤና አዳም ላይ የተሠራው ጥናት አብዛኛው የአይጥና የቤተ ሙከራ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ይቀንሳል የሚለውም የቆመው በዚያው ዓይነት ጥናት ላይ ነው፤ ለጥቅሙ የበቃ ማስረጃ ለጉዳቱ አይበቃም ማለት አያስኬድም። በውጭ አገር ለግፊት በእንክብል የሚሸጠው ሴለሪ የተባለ ተክልም ቢሆን ከዚህ ዓይነት ጉዳት ነፃ አይደለም። እርሱም ፉራኖኩማሪን አለው፤ ሴለሪ ለቃሚዎች እጃቸው ውኃ እየቋጠረ ተቸግረዋል። ግሬፕ ፍሩት የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ የሚያደርገውም በእነዚሁ ውህዶች ነው። በየቀኑ ኪኒን የሚውጥ ሰው የጤና አዳም ወይም የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ሲደርብ ይህን ማሰብ አለበት።

ቡናችሁን በጤና አዳም ጠጡ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን ጭማቂውንም ፍሉንም ተዉት፤ ለሕፃን ሆድ ቁርጠትም አትስጡት። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ የምትጠጡትን ቅጠል ሳትደብቁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እናንተም ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሳትቆጡ ጠይቁ፤ ቁጣ የሚፈራ ሰው አይናገርም።