ኪኒን ያወፍራል ወይስ ያከሳል?



በላሊበላም ሆነ በላስታ ደጋ ቀበሌዎች የወሊድ መከላከያ ነገር ሲነሣ ሁለት የማይታረቁ ወሬዎች ይሰማሉ። አንዷ «ያወፍራል» ስትል፣ ሌላዋ «ደህና ካልበሉበት ሥጋ ያደርቃል» ትላለች። የትኛዋ ናት ትክክል?

በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን በሚመለከት ሁለቱም አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 49 ጥናቶችን የመረመረ ዓለም አቀፍ ግምገማ ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒን እንደሚያወፍር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነት ጥቂት ውኃ ሊይዝ፣ ጡትም ሊወጠር ይችላል። ይህ ግን ስብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ይተዋል።

የሦስት ወር መርፌ ግን ከዚህ ይለያል፤ አንዳንድ ሴቶችን በእርግጥ ያወፍራል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክብደቷ 5 በመቶ በላይ የጨመረች፣ ማለትም 50 ኪሎ ሆና ጀምራ ከ52 ኪሎ ተኩል ያለፈች ሴት፣ ከዚያም በኋላ መጨመሯ ሊቀጥል ስለሚችል ባለሙያ ታማክር። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው መርፌው ስለሆነ የእርሱ ወሬ ለኪኒኑም ሳይተርፍ አልቀረም።

ሌላም ነገር አለ። በገበሬ ቤት የሰውነት ክብደት ከጎተራው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በሐምሌ ኪኒን የጀመረች እናት እህሉ አልቆ፣ የአረሙ ሥራ በዝቶ በመስከረም ብትከሳ ኪኒኑን ትወቅሳለች። በኅዳር አዝመራው ሲገባ ጀምራ ብትወፍርም እንዲሁ። ረመዷንም ክብደትን ይለዋውጣል። ኪኒኑ የተለየ ምግብ አይፈልግም፤ በቂ ምግብ የምትፈልገው የምትደክመዋና የምታጠባዋ እናት ናት።

ጉዳቱ የሚመጣው ወሬ ሰምቶ በዝምታ ማቋረጥ ሲከተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። በወሬ ያቋረጠች እናት ግን ሕፃኗ ጡት ሳይተው ልታረግዝ ትችላለች።

ስለዚህ እህቶች፦

• ከመጀመራችሁ በፊት በጤና ኬላ ተመዘኑ፤ ከሦስት ወር በኋላም በዚያው ሚዛን ድገሙ።
• ካልተስማማችሁ ሌላ ዘዴ ሳትይዙ አታቋርጡ።
• ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው ለምታጠባ እናት የሚሆነውን ኪኒን ጠይቁ።
• ረመዷን ሳይገባ ባለሙያዋን አማክራችሁ የመዋጫውን ሰዓት ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት።
• የደረት ውጋት፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወንድሞችም ይህን ከባለቤቶቻችሁ ጋር አንብቡት። አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ።