ዜማው የራስ፣ ቤቱ የኪራይ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 2024 ሜክሚዩዚክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። «ፊናሌ» የሚባለውን የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ከእንግዲህ አልሸጥም፣ አላሻሽልምም አለ። ፊናሌ እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ የኦርኬስትራ ደራሲዎች፣ የፊልም ሙዚቃ አቀናባሪዎችና የኖታ አሳታሚዎች ሲሠሩበት የኖረ መሣሪያ ነው። ዋጋውም የዋዛ አልነበረም፤ ሙሉው ወደ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስፈቀድ አይቻልም ብሎ ነበር። ደንበኞቹ በቁጣ ሲነሱበት ይህን ሐሳቡን ቀየረ። ቢሆንም የማይታደስ ሶፍትዌር ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በተለወጠ ቁጥር አንድ ቀን አልከፈትም ይላል።

«የሕግ ሰው ስለ ሙዚቃ ሶፍትዌር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩን ሳየው ግን ከሙዚቃነቱ ይልቅ ውልነቱ በልጦ ስላገኘሁት ነው። ዜማ የሚደርሱና ለመዘምራን ድምፅ የሚያከፋፍሉ ወዳጆች አሉኝ። ሶፍትዌር ሊመርጡ ሲነሱ የሚጠይቁት «የቫዮሊኑ ድምፅ የየትኛው ያምራል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መቅደም ያለበት ጥያቄ «የሠራሁትን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ መሣሪያው ለማን እንደሚያስፈልግ እንለይ። በስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ቀድቶ፣ በኪቦርድ ተጫውቶና አደባልቆ ለሚያወጣ ሰው የኖታ ሶፍትዌር ላያስፈልገው ይችላል፤ ለእሱ ሥራ የተዘጋጁ ሌሎች ሶፍትዌሮች አሉ። የኖታ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ሥራውን ሌላ ሰው አንብቦ እንዲጫወትለት ለሚፈልግ ነው። አንድ አቀናባሪ ለትራምፔት፣ ለአልቶ ሳክስፎንና ለፒያኖ ጻፈ እንበል። ትራምፔት ነፊው የሚያነበው ከሚሰማው ድምፅ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ተደርጎ የተጻፈለትን ነው፤ የሳክስፎኑ ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። በእጅ ሲሠራ እያንዳንዱን ለየብቻ አስልቶ መገልበጥ ግድ ነበር። መሪው በልምምድ መሐል «እዚህ ጋ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጉት» ካለ ደግሞ ሁሉም ወረቀት እንደገና ይጻፋል። ሶፍትዌሩ ይህን ልፋት ያስቀራል። በዋናው ገጽ ላይ አንድ ኖታ ሲለወጥ የየተጫዋቹ ወረቀት አብሮ ይለወጣል።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 410/1996) አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም በአንድ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ምዝገባ ሳያስፈልገው ጥበቃ ይሰጠዋል። በኖታ የተጻፈ ዜማ ይህን ያሟላል። ስለዚህ ዜማው የደራሲው ነው። የተጻፈበት ሶፍትዌር ግን የእሱ አይደለም። ገዛሁት ቢልም የገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ውል ነው። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 ይነግረናል። «እስማማለሁ» የሚለውን ሳናነብ ስንጫን የምንፈርመው ይህንኑ ነው። በአጭሩ ዕቃው የራሳችን፣ ቤቱ የኪራይ ነው። በኪራይ ቤት መኖር ነውር የለበትም፤ ነውሩ አከራዩ ቁልፉን ቢለውጠው ዕቃችን እንዴት እንደሚወጣ አለማወቁ ነው።

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች አዲስ ታሪክ አይደለም። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ እስኪካተት ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ አቤቱታ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። የጻፍነው ነገር አልጠፋም፤ ግን ማንበብ አልቻልንም። ኖታም የሚገጥመው ይኸው ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ምርጫ አለ? ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው «ሲቤሊየስ» ነው። እንግሊዛውያኑ መንትያ ወንድማማቾች ቤንና ጆናታን ፊን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1993 አወጡት። በ2006 አቪድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ በ2012 ደግሞ ኩባንያው የለንደኑን የሲቤሊየስ ቢሮ ዘጋና ሶፍትዌሩን የሠሩትን ባለሙያዎች አሰናበተ። ሲቤሊየስ ዛሬም አለ፣ ብዙ ተጠቃሚም አለው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ የገዛነው ሶፍትዌር ባለቤቱ ሊለወጥ፣ ሠሪዎቹም ሊበተኑ ይችላሉ፤ በዚህ ላይ የሚጠይቀን የለም።

ሁለተኛው «ዶሪኮ» ነው። ከለንደን የተሰናበቱት ባለሙያዎች በጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ ተቀጥረው እንደ አዲስ የጻፉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ቀረበ። የገጽ አጣጣሉ ንጹሕ ነው፤ ለትልልቅ ሥራዎችም የታሰበበት ነው። ሜክሚዩዚክ ፊናሌን ሲዘጋ ደንበኞቹን የመራው ወደዚሁ ሲሆን፣ የመሸጋገሪያ ዋጋውም 149 ዶላር ነበር። አቅሙ የተወሰነ ነፃ ቅጂም አለው።

ሦስተኛው «ሚዩዝስኮር» ነው። ይህ በነፃ የሚሰጥ ነው። ከነፃነቱ የሚበልጠው ግን የፈቃዱ ዓይነት ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ወስዶ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው ይችላል። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ እንኳ ሌሎች ሥራውን እንዳይቀጥሉ የሚያግድ ውል የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው አራተኛው ዕትም በመልክም በድምፅም ከበፊቶቹ እጅግ ተሻሽሏል። በዚሁ ስም ኖታ የሚያካፍልና ለአንዳንድ አገልግሎቶቹ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ስላለ፣ ፕሮግራሙን ከድረ ገጹ ጋር ማምታታት አይገባም።

ከሦስቱ መካከል የትኛውንም ብንይዝ መውጫው በር አንድ ነው፤ «ሙዚክ ኤክስኤምኤል» ይባላል። ማይክል ጉድ የተባለ አሜሪካዊ የነደፈው፣ የመጀመሪያው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ኖታን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚያሻግር የፋይል ዓይነት ነው። ድምፆቹን፣ ርዝመታቸውንና ከሥር ያለውን ግጥም ይዞ ይሻገራል። የገጹን አጣጣልና ያማሩ ጌጦችን ግን ሁልጊዜ በሙሉ አያሻግርም። ቤት ስንለውጥ ዕቃው ይደርሳል፣ መጋረጃው ግን እንደገና ይለካል እንደማለት ነው። ፒዲኤፍ ደግሞ ፎቶግራፍ ነው፤ ይነበባል፣ ይታተማል፣ በቀላሉ ግን አይታረምም።

ለእኛ አገር ሠሪ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ግጥም ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ግጥምን በሰረዝ እየከፈሉ ከየኖታው ሥር ያስቀምጣሉ። አማርኛ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ይመስላል እንጂ አይደለም። «ሰላም» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ሲሆን ሲዘፈን ግን ሁለት ነው፤ ሰ-ላም። ይህን ሶፍትዌሩ አያውቅልንም፤ ጆሯችን ነው የሚወስነው። ግጥሙንም በዩኒኮድ ፊደል መጻፍ ግድ ነው፤ በድሮዎቹ ፊደሎች ከተጻፈ ዜማው ተሻግሮ ግጥሙ ይቀራል። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ከሶፍትዌሮቹ ጋር በሚመጣው የድምፅ ስብስብ ውስጥ የማሲንቆና የበገና ድምፅ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ በሚያሰማን ድምፅ መማረክ ለትዝታም ሆነ ለአምባሰል አቀናባሪ የማያዋጣ መመዘኛ ነው።

የአገራችን የዜማ ምልክቶች ራሳቸው አንድ ነገር ያስተምሩናል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት እያሉ የሚቀጥሉት የያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ብራናው ዛሬም የሚነበበው ምልክቱ የማንም ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ፣ መምህር ለተማሪ እያስተላለፈ ስላቆየውም ጭምር ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ለጀማሪ፣ ለተማሪና ለመዘምራን መሪ ሚዩዝስኮር ይበቃል፤ በየጊዜው በዶላር መክፈል ለሚቸግረው ሰውማ ሌላ መፈለግም አያሻውም። ከውጭ አሳታሚ ወይም ኦርኬስትራ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ እነሱ የሚሠሩበትን፣ ዶሪኮን ወይም ሲቤሊየስን፣ መያዙ ትክክል ነው። ሁለቱም ግን ከመወሰናቸው በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። የራሳቸውን አንድ ገጽ ከነአማርኛ ግጥሙ ይጻፉ፣ በሙዚክ ኤክስኤምኤል ያውጡት፣ በሌላው ሶፍትዌር ይክፈቱትና ምን እንደጎደለ ይዩ። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ በተጠናቀቀ ቁጥር ሦስት ቅጂ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን፤ አንዱ በሶፍትዌሩ በራሱ ፋይል፣ አንዱ በሙዚክ ኤክስኤምኤል፣ አንዱ በፒዲኤፍ። በፊናሌ የተጻፉ ሥራዎች ያሏችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚከፈትበት ኮምፒውተር በእጃችሁ እያለ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አውጡ። የውል ማብቂያው ቀን ለአከራዩ እንጂ ለተከራዩ አይጨነቅም።

ቸር ይግጠመን።